የሃያ ስምንት ዲግሪው ውሃ

ነጋዴው አው ዐብዱረዛቅ በገዛ ቤታቸው ታንቀው የተገኙት ሐረር ውሃ ከጠፋባት በአራተኛው ቀን ነው። ወሩ ታኅሣሥ፣ ዓመቱ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አምስት። ከከተማው በላይ ካለው የሐኪም ጋራ ተራራ ገንዳ የሚወርደው ዋና ቧንቧ ከሥሩ ተደፍኖ፣ ከተማው ሁሉ ባልዲና እንስራውን ታቅፎ ይንከራተት ነበር። እስከዚያ ረቡዕ ድረስ ሰው በጥማቱ ይቀልድ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ቀልዱ ጠፋ።

መርማሪው መቶ አለቃ ዘውዴ ከጊደር መጋላ ገበያ ጀርባ ካለው ጠባብ መንገድ ሲደርስ፣ ጎረቤቱ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ቆሟል። የሚያለቅስ የለም። ዘውዴ እንዲህ ያለውን ዝምታ አይወደውም። ያዘነ ሰው ይጮኻል፤ የሚፈራ ሰው ነው ዝም የሚለው።

ቤቱ እንደ ሌሎቹ የጀጎል ቤቶች ነው፤ መስኮት የለውም፤ ግድግዳው በስፌትና በሳህን ተሞልቷል፤ ወለሉና መደቡ በቀይ አፈር ተቀብቷል። ሟቹ ከከፍተኛው መደብ ሥር በጎናቸው ወድቀዋል። አንገታቸው ላይ ቀጭን የሲባጎ ምልክት ዞሯል። አንድ ሳህን እንኳ ከቦታው አልተነቃነቀም።

«እዚህ ይመልከቱ፣ ጌታዬ» አለ ረዳቱ አሥር አለቃ አባይነህ።

ከደጃፉ እስከ መደቡ የእርጥብ እግር ዱካ ይታያል። ቀዩ አፈር በእርጥበቱ ሟሙቶ የጣቶቹን ቅርጽ ሳይቀር ይዟል።

«ለሶላት ታጥበው ይሆናል» አለ ዘውዴ፤ በማስታወሻ ደብተሩም «የውዱእ ውሃ» ብሎ ጻፈ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለውን ተረት ከእናቱ መቶ ጊዜ ሰምቷል፤ ግን አልረዳውም።

ይልቅ ዓይኑን የያዘው ሌላ ነገር ነው። ደጃፉ ላይ የሟቹ ነጠላ ጫማ ብቻ አለ፤ ወለሉ ላይ ግን የጫማ ምልክት የለም። ገዳዩ እንደ ጨዋ እንግዳ ጫማውን አውልቆ ገብቶ፣ ባለቤቱን አንቆ፣ ጫማውን አጥልቆ ሄዷል። ዘውዴ በአሥራ ሁለት ዓመት አገልግሎቱ ሰካራምም፣ ሽፍታም፣ ቅናተኛም አይቷል። እንዲህ ያለ ቀዝቃዛ ሰው ግን አላየም፤ ፈራ።

የሟቹ ሚስት ወይዘሮ ሐዲያ ጓዳ ውስጥ በሴቶች ተከበው ተቀምጠዋል።

«በጠዋት ልቅሶ ቤት ሄድን፤ ልጄ ሰዐዲያም አብራኝ ነበረች። እሱ እንግዳ አለብኝ ብሎ ቀረ» አሉ።

«ማን እንደሆነ አልነገሩዎትም?»

«አልነገረኝም። ሰኞ ከሸዋ በር ሲመለስ ግን ፊቱ ልክ አልነበረም። ‹ሐዲያ፣ ዛሬ የሞተ ሰው በስሙ ሲጠራ ሰማሁ፤ ዞሬ ባይ ሌላ ሰው አቤት አለ› አለኝ። ማን ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ‹ሳላጣራ የሰው ስም ማንሳት ሐራም ነው፤ መጀመሪያ ራሱን እጠይቀዋለሁ› አለ። አላህ ይርሐመው፤ እንደዚህ ነበር እሱ።»

ዘውዴ ይህንንም ጻፈ። ትርጉሙ ግን አልገባውም።

*

ሳይመሽ ጣቢያው ገዳይ አገኘ። ጣቢያ ሲቸኩል ገዳይ አያጣም።

የተያዘው ከድር የሚባል ወጣት መጽሐፍ ጠራዥ ነው። ሰዐዲያን ለማግባት ሽማግሌ ልኮ አው ዐብዱረዛቅ መልሰውበታል። ባለፈው ሳምንት ጊደር መጋላ መሐል፣ ሰው እየሰማ፣ «እርስዎስ የማይሞቱ መስሎዎታል?» ብሎ ጮኾባቸዋል። ከሱቁ ደግሞ የመጠረዣ ሲባጎ በጥቅል ተገኘ።

«ረቡዕ ጠዋት የት ነበርክ?» አለው ዘውዴ።

«ቤቴ ቁርአን ስጠርዝ ነበር፣ ጌታዬ።»

«ማን አየህ?»

«ከአላህ በቀር ማንም።» ከድር ቀጠለና፣ «ያን ቃል የተናገርኩት ተናድጄ ነው። ሰዐዲያን ካጣሁ ወዲያ እኔም መኖሬን አላውቅም ነበር። ወላሂ፣ ጌታዬ፣ እኔ አልገደልኩም» አለ።

ዘውዴ አመነው። ማመን ግን ማስረጃ አይሆንም። የጣቢያው አዛዥ ሻለቃ ታደሰ ፋይሉን በሁለት ጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ወዲህና ወዲያ እየገፉ ሰሙት።

«ዛቻ አለ፤ ሲባጎ አለ፤ ምን ቀረህ? ከተማው እንቅልፍ አጥቷል። አርብ ጠዋት ፋይሉ ይሄዳል። ሌላ ሰው ካለህ እስከዚያ አምጣ፤ ከሌለህ ልጁ ሸዋ በር ላይ ይሰቀላል።»

«እስከዚያ ማንም እንዳይነካው፣ ጌታዬ።»

ሻለቃው ቀና ብለው አዩት። ከዚያ የእስር ክፍሉን ሃምሳ አለቃ አስጠሩ።

*

ሐሙስ ማለዳ ዘውዴ ወደ ወይዘሮ ሐዲያ ተመለሰ። የመጣው ስለ እንግዳው ሊጠይቅ ነበር፤ ነገር ግን ደጃፉ ላይ አንዲት አሮጊት ንጹሕ አፈር ላይ እጃቸውን መታ አድርገው ፊታቸውን ሲያብሱ አየና ቆመ።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ተየሙም ነው» አሉት ወይዘሮ ሐዲያ። «ውሃ ሲጠፋ በአፈር ነው የምንታጠበው። ያለችን ውሃ ለጉሮሮም አልበቃችን፤ አምስት ቀናችን ነው።»

ዘውዴ ክው አለ።

«አው ዐብዱረዛቅስ?»

«እሱም እንደኛው ነዋ! ማንቆርቆሪያው ከእሑድ ጀምሮ ባዶውን ነው የተቀመጠው።»

ዘውዴ ደብተሩን አውጥቶ «የውዱእ ውሃ» የሚለውን አየ። ጎረቤት ሆኖ አድጎ፣ በዓላቸውን አብሯቸው በልቶ፣ ይህን አለማወቁ አሳፈረው። ያ እርጥብ እግር የሟቹ አልነበረም። ሴት ልጅ አንዲት ጣሳ ውሃ ለማግኘት እስከ ወንዝ በምትወርድበት ከተማ፣ እግሩ እስኪንጠባጠብ የረጠበ ሰው ማን ነው?

«አባይነህ፣ ወደ ሐኪም ጋራ» አለ።

*

የከተማው ገንዳ ከቡዳ በር ሩብ ሰዓት ሽቅብ ያስኬዳል። በድንጋይ የተገነባ፣ በአጥር ለሕዝብ የተከለከለ፣ ከምንጭ የሚሞላ፣ ስድስት ሜትር የሚጠልቅ ጥቁር ውሃ ነው። በአንድ ጎኑ ጠርዙን ተከትሎ የብረት ሰንሰለት ተዘርግቷል፤ በዳር በኩል የቧንቧው መዝጊያ ያለባት ትንሽ የድንጋይ ቤት ግማሽ አካሏን ውሃው ላይ ተክላለች። ዘውዴ ዋና አያውቅም። ሐረር ተወልዶ ዋና ከየት ይማራል? ጠርዙ ላይ ሲደርስ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ዘበኛው ወርቁ ለወሬ የተጠማ ሽማግሌ ነው። ቧንቧውን ሊከፍት ከምጽዋ በኩል ስለ መጣው ጠላቂ ሳይጠየቅ አወራቸው።

«ለገሠ ይባላል። ውሃው መቀነስ ሲጀምር አስጠሩት፤ ሰኞ መጣ፣ ትናንት ወረደ። አየር የታመቀበት ብረት ጀርባው ላይ አዝሎ፣ በቁምጣ ብቻ ጠለቀ። እኔ ገመዱን ይዤ ነበር። ከአራት ሰዓት እስከ አምስት ከሩብ ውሃ ውስጥ ነበር! አረፋው አንድ ቦታ ላይ ሳያቋርጥ ሲፈላ ቆየ።»

«ሳያቋርጥ?»

«ለአፍታ አላቋረጠም። ሲወጣ ደግሞ እዚህ ቁጭ ብሎ ብርቱካን ላጠ፤ ልጣጩን ሳይበጥስ። ግማሹን ለእኔ ሰጠኝ፤ አንድ ሌላም ለኪሴ ጨመረልኝ። ደግ ሰው ነው።»

በዚህ መሐል ለገሠ ራሱ መጣ፤ ትከሻው ሰፊ፣ ፈገግታው ቅርብ የሆነ ሰው። የጠለቃ መዝገቡን ያለ ማንገራገር አሳያቸው። ጽሕፈቱ ጥርት ያለ ነው። ቀን፣ ሰዓት፣ ጥልቀት፤ በመጨረሻም «የውሃው ሙቀት፣ ሃያ ስምንት ዲግሪ» ይላል። ቧንቧው ግን አልተከፈተም፤ ሌላ ቀን ያስፈልገዋል።

ዘውዴ ጎንበስ ብሎ እጁን ውሃው ውስጥ ነከረ። ብርዱ አጥንቱ ድረስ ዘለቀው።

«ይህ አይበርድም?»

ለገሠ ሳቀ። «ለእናንተ ለደገኞቹ ይበርዳል። ለጠላቂ ይኼ ለብ ያለ ነው፣ መቶ አለቃ። ሰውነት ይለምደዋል።»

እውነቱን ሊሆን ይችላል። ዘውዴ ስለ ጠላቂዎች ምን ያውቃል? እሱ በፍርሃቱ የሚሰማው ብርድ፣ ባሕር ላይ ያደገ ሰው የማይሰማው ሊሆን ይችላል። አባይነህን ወደ ጎን ሳበው።

«ስልክ ቤት ሂድና ምጽዋ አስደውል። የጠላቂዎች አሠልጣኝ አይጠፋም። ጠላቂ ቀዝቃዛ ነው የሚለው ውሃ ስንት ዲግሪ ነው ብለህ ጠይቅ። ስለዚህ ስለ ለገሠም ጠይቅ። መልሱን ሳትይዝ እንዳትመጣ።»

*

መስመሩ በድሬዳዋና በአስመራ ዞሮ እስኪገናኝ ቀኑ ይሄዳል። ዘውዴ ሸዋ በር አጠገብ ካለ ፎቶ ቤት የፎቶ ማጠቢያ መድኃኒት ሙቀት የሚለኩበትን ቴርሞሜትር ተውሶ፣ በዘጠኝ ሰዓት ገንዳው ላይ ተመልሶ ቆመ። በክር አስሮ እስከ ታች አወረደው፤ ቆይቶ ቶሎ ሳበው። አሥራ ስድስት።

«የፎቶ ቤት መሣሪያ የሰው ገላ አያውቅም።» ለገሠ ከኋላው ቆሟል፤ ገመዱን ትከሻው ላይ አድርጓል። መቼ እንደ ደረሰ ዘውዴ አልሰማም። «ራስዎ ገብተው ይዩት። ገመዱን እኔ እይዝልዎታለሁ።»

ዘውዴ እምቢ ማለት ነበረበት። ግን አርብ ጠዋት ሩቅ አይደለም፤ ወርቁም እዚያው ቆሟል፤ ደግሞ ወንድነት የሚሉት አጉል ነገር አለ። ሰዓቱን ለወርቁ ሰጠ፣ «በየአምስት ደቂቃው ጥራልኝ» አለ፣ ልብሱን አወለቀ፣ ገመዱን ወገቡ ላይ አሰረ፣ ሰንሰለቱን ይዞ ገባ።

ትንፋሹ ጠፋ። ደረቱን በሁለት በኩል ጨምቆ የያዘው ነገር ለረጅም ጊዜ አልለቀው አለ።

«አምስት!» አለ ወርቁ።

ጥርሱ መንገጫገጭ ጀመረ።

«አሥር!»

እግሩ የራሱ አልመስል አለው።

«አሥራ አምስት!»

«ወርቁ፣ ብርቱካን ስጠኝ።»

ሽማግሌው ግራ እየገባው ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ዘውዴ በአንድ ክንዱ ሰንሰለቱን አቅፎ፣ አውራ ጣቱን ልጣጩ ላይ ተከለ። ጣቱ ታጠፈ እንጂ አልገባም። ደግሞ ሞከረ። ብርቱካኑ ከእጁ ሾልኮ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። ሩብ ሰዓት ብቻ ነው የቆየው። ይህ ሰው ከአንድ ሰዓት ከሩብ በኋላ ልጣጩን ሳይበጥስ ላጠ፤ መዝገቡን በጥርት ያለ ጽሕፈት ሞላ!

ቀና ሲል ዓይናቸው ተጋጠመ። ለገሠ ብርቱካኑን አየ፤ እሱን አየ። ፈገግታው ከፊቱ አልጠፋም።

«አባቴ ወርቁ» አለ ረጋ ብሎ፣ «መቶ አለቃው በረዳቸው። ከጎጆዎ ብርድ ልብስ ያምጡላቸው።»

«አትሂድ!» ሊል ፈለገ ዘውዴ። አገጩ እየተንቀጠቀጠ ቃሉን ቆራረጠው። የወርቁ ጎጆ ቁልቁል አጥሩ ዘንድ ነው፤ የሽማግሌው ኮቴ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ።

ከዚያ ገመዱ ላላ።

ዘውዴ እስከ አፍንጫው ሰመጠ። ውሃ ጠጣ፤ ክርኑን ሰንሰለቱ ውስጥ አስገብቶ እንደ ምንም ተንጠለጠለ። ለገሠ ጠርዙ ላይ ተንበርክኮ የገመዱን ጫፍ ውሃው ላይ ጣለው።

«ገመዱ አመለጠኝ እላለሁ» አለ፤ የሰፈር ወሬ የሚያወራ ይመስላል። «ከዚህ በፊትም ብያለሁ፤ አምነውኛል።»

ተነሥቶ በጫማው የዘውዴን ክርን ረገጠ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ሲባል ዘውዴ ከልጅነቱ ሰምቷል፤ የሚያሳስቀው ሰው እንደሆነ ገና ዛሬ ገባው። «እናቴ! እናቴ!» አለ በልቡ። ክርኑን አላቀቀና በሌላው ክንዱ አንድ ክንድ ያህል ወደ ፊት ተሳበ። ለገሠ ጠርዙን ይዞ ተከተለው። ደግሞ ተሳበ። ሰንሰለቱ የሚያልቀው ከመዝጊያው ቤት ግድግዳ ሥር ነው፤ እዚያ ውሃው በጨለማ ቅስት ውስጥ ይገባል። ለገሠ ሊደርስበት የማይችለው እዚያ ብቻ ነው። ዘውዴ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ራሱን ቀብሮ፣ በቅስቱ ሥር አለፈ።

ግንባሩ ብረት መታ። መሰላል ነው።

በክርኑና በጉልበቱ ወጣ። ውስጡ ጨለም ያለ ክፍል ነው። መሰላሉ ላይ አዲስ የተቆረጠ ገመድ ታስሮ ቀርቷል፤ ወርቁ ትናንት ሲይዘው የዋለው ይሄን ነው። ጥግ ላይ ደረቅ ሱሪ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ከሥሩ የላስቲክ ጫማ አለ፤ ውስጡ ገና እርጥብ ነው፣ በቀይ አፈር ተለቅልቋል። ማዶ ያለው በር ወደ ቡዳ በር ቁልቁለት ይከፈታል። ለገሠ አየር ያለበትን ብረት ታች አስቀምጦ፣ አረፋውን ለቆ፣ በዚህ ወጥቶ ሄዷል። የሚተነፍስ ሰው አረፋው ይቆማል፣ ይመጣል፤ ያ ግን ሳያቋርጥ ፈላ።

ይህን ሁሉ ለማሰብ ጊዜ አልነበረውም። ሩጫ ሰማ። ለገሠ ቤቱን ዞሮ እየመጣ ነው።

በሩ ላይ የብረት መወርወሪያ አለ። ዘውዴ ጣቶቹን ጫነበት፤ አልታዘዙትም። በመዳፉ ገፋው፤ ተንሸራተተ። ኮቴው ደጃፉ ላይ ደረሰ። ጥርሱን ብረቱ ላይ ተክሎ በመላ አካሉ ጎተተ፤ መወርወሪያው ገባ፤ በዚያው ቅጽበት በሩ በትከሻ ተመታ። አቧራ ረገፈ። ደግሞ ተመታ። ማጠፊያው ተነቃነቀ። ዘውዴ በሩን በጀርባው ደግፎ እርቃኑን ተቀመጠ፤ ደም ከከንፈሩ እየወረደ የሚያውቀውን ጸሎት ሁሉ ቀላቅሎ አነበነበ።

«እጅህን ወደ ላይ!»

የአባይነህ ድምፅ ነበር። ዘውዴ በሕይወቱ ከዚያ የሚጣፍጥ ድምፅ ሰምቶ አያውቅም።

*

ወርቁ ባመጣው ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ አባይነህ የያዘውን መልስ ሰማ።

«የምጽዋው አሠልጣኝ እንዲህ አሉ፣ ጌታዬ፦ ከሃያ አራት ዲግሪ በታች ጠላቂ በረደኝ ይላል። ከሃያ በታች ያለ ላስቲክ ልብስ የሚገባ እብድ ነው። በአሥራ ስድስት ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጣቱ አይታዘዘውም። ከዚያ ስለ ለገሠ ጠየቅኋቸው። ‹ለገሠ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው፤ ገመዱን የያዘው ረዳቱ አመለጠኝ አለ፤ በቀብሩ ማግስት የሟቹን የጠላቂነት ምስክር ወረቀት ይዞ ጠፋ› አሉኝ። እየሮጥኩ የመጣሁት ለዚህ ነው።»

አው ዐብዱረዛቅ ምጽዋ ሲነግዱ እውነተኛውን ለገሠ ያውቁት ነበር። ሰኞ ሸዋ በር ላይ ጠላቂው ከአውቶቡስ ሲወርድ «ለገሠ!» ተብሎ ሲጠራ ሰሙ። ሳያጣሩ ስም ላለማንሳት ብለው ሰውየውን ለብቻው ቤታቸው ጠሩት። ጨዋነታቸው ገደላቸው።

«ሃያ ስምንትን ምን አስጻፈህ?» አለው ዘውዴ።

የታሰረው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ጠቆረ። «ምጽዋ መዝገቡን የምሞላለት እኔ ነበርኩ። ሁልጊዜ ሃያ ስምንት ነው። እጄ ራሱ ጻፈው።»

*

ዘውዴ ጣቢያው ሲደርስ መምሸቱ ነበር። ለሻለቃው ሪፖርት ሳያደርግ፣ ጫማውን በቅጡ ሳያስር፣ ወደ እስር ክፍሉ ሮጠ። በመንገዱ የሚናገረውን አዘጋጅቷል፤ ልጁ ሲስቅ፣ ምናልባትም ሲያለቅስ ይታየው ነበር።

በሩን ከፈተ። ከድር ጥግ ላይ ተኮራምቷል። የውስጥ እግሩ አብጦ ተሰነጣጥቋል። አጠገቡ የቀለም ዕቃ ተቀምጧል፤ የፈረመበት አውራ ጣቱ ጠቁሯል።

«ከድር፣ ገዳዩ ተይዟል። አምኗል። ተነሥ፣ ወደ ቤትህ ሂድ።»

ከድር ግድግዳውን ተጠግቶ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ ጋረደ።

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ» አለ በፍጥነት። «እኔ ነኝ የገደልኳቸው። በሲባጎ ነው ያነቅኋቸው። ለሃምሳ አለቃው ሁሉንም ብያለሁ።»

«አልገደልክም! ሌላ ሰው ነው። በዓይኔ አይቼ መጣሁ።»

«ገድያለሁ፣ ጌታዬ። ያልተስማማዎት ቃል ካለ ይንገሩኝ፤ እንደፈለጉት አስተካክዬ እለዋለሁ።»

ዘውዴ እንባው መጣ። ሊያነሣው እጁን ዘረጋ፤ ከድር እጁን ሲያይ ጮኸ። መቶ አለቃው በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና ራቅ ብሎ መሬቱ ላይ ተቀመጠ። ከድር ግን የዚያን ቀን ምሽት ከዚያ ክፍል አልወጣም።